የዘለልኩት ቃል

ከፋብሪካው ወጣሁ፣ ከሌሊቱ ፈረቃ፣
ጠጉሬ ሱፍ እንዳዘለ፣ ዓይኔ እንደነቃ።
ኅዳር ነው። የበሬሳ ዳር ሣር ውርጭ ለብሶ
ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ብርጭቆ ፈርሶ።
የሥላሴ ደወል ለኪዳን ሲደወል
ትንፋሼ ይቀድመኛል፣ ጉም ሆኖ ሲጠቀለል።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ ደጅ ጠናሁ፣
ያልተፀነሰ ልጅ በስሙ ጠራሁ፤
ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እንደ ሐና፣ ድምፅ ሳላሰማ፤
ሰክራለች ያለኝ አልነበረም፤ «መካን» ነበር ያለኝ ከተማ።

ከፋብሪካው ትርፍራፊ፣ ከቁርጥራጭ ክር፣
ክንድ የማትሞላ ብርድ ልብስ ሠራሁ፣ ቀይ ዘርፍ ያላት ዳር እስከ ዳር።
ባሌ ሸዋታጠቅ አያት፤ ሳቀ፤ «ይህችማ የድመት ናት» አለ፤
ማታ ግን ራሱ አጥፎ ሣጥን ከተታት፤ ምንም ሳይናገር ዋለ።

በሐምሌ ከጣርማ በር ወዲያ፣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣
ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ገደሉን እንደ መንገድ አየው።

ለባሌ አለቀሱልኝ፤ ድንኳን ተጣለ፣ እድር መጣ፤
ላልመጣው ልጅ ግን ማን ያልቅስ? ከየት ቤት ሬሳ ይውጣ?
ለሞተ ሰው አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ ሙት ዓመት፤
ላልነበረ ሰው ስንት ቀን ነው? በየትኛው የክርስትና ስም ይደረስ ፍትሐት?

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ውስጥ አንድ ጉድጓድ አለ።
«አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ፣ «ስምህ ይቀደስ» እላለሁ፣
«መንግሥትህ ትምጣ» እላለሁ፤ እዚያ ስደርስ እዘላለሁ።
«ፈቃድህ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ጠጠር ይሆናል፣
ምላሴ እንደ በቅሎ ከድልድዩ በፊት ይቆማል።
ዘልዬ «የዕለት እንጀራችን» ላይ አርፋለሁ፣
እንደ ሌባ፤ ማን አየኝ እያልኩ እዞራለሁ።

ለነፍስ አባቴ ነገርኩ፣ ለመምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ፤
ይቆጡኛል ብዬ ሳጎነብስ
ዝም አሉ። መቋሚያቸውን ከመሬቱ አዋደዱና፣
«ጌታችንም» አሉኝ፣ «ይህችን ቃል በዋዛ አላላትምና፤
በጌቴሴማኒ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተመላለሰባት፣
ወዙ እንደ ደም እየወረደ ስለ እኛ ጸለየባት።
መዝለልሽን አትፍሪ፤ መምጣትሽን አታቁሚ፤
የጎደለውን እርሱ ይሙላው፤ አንቺ ብቻ ቁሚ።»

ቆምኩ። ሁለት ክረምት ቆምኩ።

ዛሬ፣ በሴቶች በኩል፣ ሕዝቡ «አባታችን ሆይ» ሲል፣
እንደ ልማዴ «ትምጣ» ላይ ስደርስ አልኩ ጸጥ፣ ዝምም፣ ቅዝቅዝ።
ቃሉ ግን አልቆመም።
የእማማ ብርቅነሽ ጥርስ አልባ ድምፅ፣ የተማሪዋ ሹክሹክታ፣
ሳል የያዘው ዘበኛ፣ ሁሉም፣ እኔ በዘለልኩት ቦታ
«ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» እያሉ ይሄዱ ነበር።
ለካ ዝም ባልኩ ቁጥር ጸሎቴ ጎድሎ አልቀረም፤
ሰው በአፉ ሲያሻግረኝ ኖሯል፤ እግሬ ግን አላወቀም።

ቃሉን አልኩት? ግማሹን። «ፈቃድህ» ብዬ እንባ ቀደመኝ፤
የቀረውን እማማ ብርቅነሽ ጨረሱልኝ።

ቤት ገባሁ። ሣጥኑን ከፈትኩ። ብርድ ልብሷን ብል አልበላትም።
ለሰው ልስጣት? ገና ነኝ፤ እጄ አልፈታትም።
አውጥቼ ግን አጥሩ ላይ ፀሐይ አሞቅኋት፣
ጎረቤቴ «የማን ናት?» ብትለኝ፣ «የልጄ» አልኳት።
ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ።
ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ምንም አላለችም።

ከቀዩ ዘርፍ ላይ ፀሐዩ ተንጠለጠለ።
ነገም የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ ነገም ኪዳን አለ፤
የቀረችኝን ግማሽ ቃል እላት ይሆናል፣
እግዜር ካለ።